በሽምግልና የተዘጋ ፋይል

ሮማነወርቅ ክርክር አትወድም። አለመውደድ ብቻ አይደለም፣ አትችልበትም። ባቡር ላይ እግሯን የረገጣትን ሰው ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ናት። ሱቅ ውስጥ ዋጋ አሳስታ ያስከፈለቻትን ልጅ «ምናልባት እኔ ቸኩዬ ይሆናል» እያለች የምታጽናናውም እሷው ናት። ከባድ መኪና እየነዳ ከስቴት ስቴት ሲዞር የሚከርመው ባሏ መንገሻ፣ «አንቺን ፍርድ ቤት ቢያቆሙሽ ዳኛውን አይዞህ ትይዋለሽ» እያለ ይስቅባት ነበር። ቀልዱ ለጊዜው ያስቃል። በኋላ የደረሰባትን ለሚያውቅ ሰው ግን የሚያስቅ ነገር የለውም።

አዲስ አበባ ሳለች የቴሌ ገንዘብ ተቀባይ ነበረች። በዲቪ ሳን ሆዜ ከገባች በኋላ የሆቴል አንሶላ ቀየረች፣ አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት ሠራች፣ በመጨረሻ ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል አካባቢ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የምሳ አዳራሽ ውስጥ ምግብ አዳይ ሆና ተቀጠረች። ከሳን ሆዜ ኦክላንድ በየቀኑ በባቡር መመላለስ ቀላል አይደለም። ግን የትምህርት ቤት ሥራ ኢንሹራንስ አለው፣ በጋ ላይ ዕረፍት አለው፣ ከሁሉ በላይ ልጆች አሉበት። ሮማነወርቅ የራሷ ልጅ የላትም። ለምን እንደሌላት ጠይቀው መልሷን ሲሰሙ የሚደነግጡትንም መልሳ የምታጽናናው እሷ ናት።

ከምሳ አዳራሹ አውጥታ ክፍል ያስገባቻት አንዲት ተማሪ ናት። ዮዳሄ ትባላለች። እናቷ እታገኝ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ የነርስ ረዳት ናት፤ ከሮማነወርቅ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳሉ። ዮዳሄ ኦቲዝም አለባት። ቃል ከአፏ የሚወጣው ከስንት አንዴ ነው፤ ድምፅ ሲበዛባት ጫማዋን አውልቃ ትወረውርና ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። አንድ ቀን የምሳ አዳራሹ ጫጫታ አስጨንቋት ከጠረጴዛ ሥር አልወጣም ስትል፣ ሮማነወርቅ ጎንበስ ብላ በአማርኛ «እኔም ልግባ?» አለቻት። ልጅቷ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ይኸው ነው። ምንም ጥበብ የለበትም፤ የቤቷን ቋንቋ ሰማች፣ አለቀ። አስተማሪዎቹ ግን ተአምር እንዳየ ሰው ሆነው ለርዕሰ መምህሯ አወሩ፣ ሮማነወርቅም በዓመቱ ለዮዳሄ ብቻ የተመደበች ረዳት ሆነች። በዚያ አገር አጠራር «ፓራ» ይሏታል።

ፓራ የሆነ ሰው መጀመሪያ ይሠለጥናል። ሥልጠናው አፕታውን በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ አዳራሽ ነበር፣ ዋናው ነገርም ሕጉ ነው። ተማሪን በኃይል መያዝ የሚቻለው ራሱን ወይም ሌላ ሰው ክፉኛ ሊጎዳ ሲል ብቻ ነው። አልታዘዝም ስላለ አይያዝም፤ ስለጮኸ አይያዝም፤ ለቅጣት አይያዝም። በሆዱ አይደፋም። አደጋው እንዳለፈ ይለቀቃል፣ ለወላጁም ሳይውል ሳያድር ይነገራል። ሮማነወርቅ ይህን ስትሰማ ከልቧ ደስ አላት። እሷ በተማረችበት ትምህርት ቤት አርጩሜው ከጠመኔው ጎን ይቀመጥ ነበር፤ በረፋዱ ኩርኩም፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተንበርከኪ ነበር። ማታ ለመንገሻ ስትደውል «ልጅ የማይነካበት አገር ነው የመጣነው» አለችው።

አሠልጣኙ ሚስተር ኮሊንስ ይባላል፤ በየትምህርት ቤቱ እየዞረ ያስቸግራሉ የተባሉ ልጆችን የሚያይ የባህሪ ባለሙያ ነው። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ የሰው ስም አይረሳም። በሥልጠናው ቀን ራሱ ምንጣፉ ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ «እንዲህ የተያዘ ልጅ ትንፋሽ ሊያጥረው፣ ሊሞትም ይችላል፤ በፍጹም እንዳታደርጉት» ብሎ አሳያቸው። ሁሉም ጻፉ። ሮማነወርቅም ጻፈች። አላወቅሁም ነበር ማለት የማይችል አንድ ሰው በዚያ አዳራሽ ከነበረ፣ ያ ሰው ኮሊንስ ነበር።

ነገሩ የሆነው ዝናብ በሚጥልበት አንድ ጠዋት ነው። የክፍሉ አስተማሪ ሌሎቹን ልጆች ይዛ ላይብረሪ ሄዳለች። ዮዳሄ ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ሮማነወርቅ እንደ ልማዷ ጫማውን አጠገቧ አድርጋ ዝም ብላ ትጠብቃለች፤ ትንሽ ከጠበቋት ራሷ ታደርገዋለች። ኮሊንስ ለዮዳሄ አዲስ ያወጣላት ዕቅድ እንዴት እየሄደ እንደሆነ ሊያይ መጣ። ዕቅዱ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ጫማ፣ ከዚያ ላይብረሪ። ሮማነወርቅን ዞር በይ አላትና ዮዳሄን «ጫማ፣ ከዚያ ላይብረሪ» ይላት ጀመር። ደገመ። ሲደግም ድምፁ ከፍ አለ። ሲሰልስ ዮዳሄ ጆሮዋን ይዛ ጫማውን ወረወረችው፣ መነፅሩንም መታችው። መነፅሩ ወደቀ። አልተሰበረም።

ያን ጊዜ ኮሊንስ አታድርጉ ያለውን አደረገ። የልጅቷን እጆች ወደ ኋላ ጠምዝዞ ምንጣፉ ላይ በሆዷ ደፋት፤ ክንዱንም ጀርባዋ ላይ ጫነ። «ሌግስ፣ ሮማን፣ ሌግስ» አላት። ሮማነወርቅም ጎንበስ ብላ የልጅቷን እግሮች ያዘች።

ይህን መሸፋፈን አይገባም። ይዛለች። አለቃ ተናገረ፣ እጇ ታዘዘ። የልጅቷ እግር በካልሲው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ መዳፏ ላይ ተሰማትና ለቀቀች። «ሚስተር ኮሊንስ፣ ፕሊስ፣ ፊቷን» አለች። ድምፅዋ ግን ከባቡሩ ይቅርታ የበለጠ አልነበረም። ኮሊንስ ገና አልተረጋጋችም አለ። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ጫማውን ፈትቶ መልሶ እስኪያስር ድረስ ልጅቷ እንደተደፋች ቆየች፤ መጀመሪያ ጮኸች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ዝም አለች። ዝም ስትል ለቀቃት። ስትነሳ አገጯ ተልጧል።

ሮማነወርቅ በዚያች ሰዓት በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ቢሮ ገብታ አለቃ ከሰሰች። የሆነውን ሁሉ፣ እሷ እግር መያዟን ሳትደብቅ፣ በዚያ በሚንቀጠቀጠው እንግሊዝኛዋ ተናገረች። ርዕሰ መምህሯ አመሰገነቻት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የኮሊንስ ቃል መጣ። ክፍል ስገባ ረዳቷ ልጅቷን በሆዷ ደፍታ ይዛት አገኘኋት፣ እኔ ነኝ ያስለቀቅኋት ይላል። ሌላ ሰው አልነበረም። ሁለት ሰው፣ ሁለት ቃል ሆነ። ነገሩ እስኪጣራ ኮሊንስ ሌላ ትምህርት ቤት ተመደበ፣ ሮማነወርቅ ቤቷ እንድትቀመጥ ተነገራት። ከልጅቷ ቤተሰብ ጋር በምንም መንገድ እንዳትገናኝም ታዘዘች።

እንዲያም ሆኖ ነገሩ መጥፎ መልክ አልነበረውም። የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው፣ ሽማግሌ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ጉዳዩን ይዞ ጠይቆ አጣርቶ ነበር። የኮሊንስ ቃል እርስ በርሱ አልገጠመም፤ ነገሩን እንድታጣራ የተመደበችው መርማሪም ጥርጣሬ ገብቷታል። «ሮማን፣ አንድ ነገር ብቻ አድርጊ። ምንም አታድርጊ። አርፈሽ ቤትሽ ተቀመጪ» አላት።

ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ምክር ነው። ሮማነወርቅ ግን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እታገኝ ሳትስማት አለፈች። እታገኝ የሰማችው ከትምህርት ቤቱ በስልክ አስተርጓሚ የተነገራትን ነው፤ ሁለት ሠራተኞች ልጅሽን በኃይል ይዘዋታል፣ እየተጣራ ነው ተብላለች። አንዷ ማን እንደሆነች ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልጋትም። በሳምንቱም እንደዚያው አለፈቻት። በሦስተኛው እሑድ አዳራሹ ውስጥ ሮማነወርቅ የተቀመጠችበት ጠረጴዛ ዙሪያ ወሬ ይቋረጥ ጀመር። ኮሊንስ ሲዋሽባት እንኳ የተኛችው ሴት፣ እታገኝ ሳትስማት ስትቀር እንቅልፍ አጣች።

ጋሽ ጥሩነህ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ወዳለች ካፌ የጠሯት በዚያው ሰሞን ነው። ጋሽ ጥሩነህ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ካፌዋ ጥግ ላይ ማኪያቶ ይዘው የሚውሉ ሽማግሌ ናቸው። ቤይ ኤሪያ በሚሉት በዚያ አካባቢ እንደ እሳቸው ያለ አስታራቂ የለም ይባላል፤ ባልና ሚስት፣ የሬስቶራንት ሸሪኮች፣ የዕቁብ ጠበኞች፣ ሁሉም በእሳቸው እጅ አልፏል። ይህንንም እሳቸው ራሳቸው ደጋግመው ይናገሩታል።

«ይሄ ነገር ሳይሰፋ መቆም አለበት» አሏት። «እኔና ደምሴ ይዘንሽ እንሄዳለን። ይቅርታ ትጠይቂያታለሽ፣ ያልቃል።»

«ጋሽዬ፣ እነሱ እኮ ኮንታክት እንዳታደርጊ ብለውኛል። ኢንቨስቲጌሽኑ እስኪያልቅ።»

«ኮንታክት ሌላ፣ ሽምግልና ሌላ። እነሱ ኮንታክት የሚሉት ደውለሽ እንዳታስፈራሪያት ነው። ይቅርታ መጠየቅ የሚከለክል ሕግ የት አገር አለ?»

«ግን የደፋት እሱ ነው። እርስዎም ይወቁልኝ። እኔ እግሯን ነው የያዝኩት፣ ያውም...»

«ተይ ልጄ» አሉ ጋሽ ጥሩነህ፣ እጃቸውን አንስተው። «እዚያ ገብተሽ እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም ማለት ከጀመርሽ ልትከራከሪ እንጂ ልትታረቂ አልሄድሽም ማለት ነው። አጥፊ ሰበብ ይዞ ሽማግሌ ፊት አይቀርብም። አንቺ አጥፍቻለሁ በይ፣ እሷ ይቅር ብያለሁ ትበል። ማን ምን እንዳደረገ በኋላ ቀስ ብሎ ይወጣል። ምን ትጎጂያለሽ?»

ጋሽ ጥሩነህ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያሉትም በሽምግልና ሥርዓት ልክ ነው። ሽማግሌ ፊት አጥፍቻለሁ ማለት የሆነውን መናገር አይደለም፤ ለተጎዳው ሰው ክብር መስጠት ነው። አጥፊውም ያላጠፋውም ይለዋል። በዚያች ካፌ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከካፌዋ በር ውጭ ግን የሚያውቀው አልነበረም፣ ይህንን ደግሞ ካፌዋ ውስጥ የተቀመጠ አንድም ሰው አላሰበውም። ሮማነወርቅ ለማኅበሩ ሰው አልነገረችውም። ምን ብላ ትነግረዋለች?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እታገኝ አፓርታማ ሄዱ። እታገኝ በር ከፍታ ሽማግሌዎቹን ስታይ ነገሩ ገባት፤ ተቀመጡ ብላ ወንበር ሳበች። ጋሽ ጥሩነህ ቆመው ቀሩ። አቶ ደምሴም፣ ከመጡ ጀምሮ ቃል ያልወጣቸው ሰውዬ፣ አብረዋቸው ቆሙ።

«እሺ ካላልሽን አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ጥሩነህ።

«አባቶቼ፣ ተቀመጡ። እርስዎ ቆመው እኔ ምን እላለሁ?»

ሮማነወርቅ ጎንበስ ብላ የእታገኝን ጉልበት ልትስም ስትል እታገኝ በትከሻዋ ያዘቻት። ተያይዘው እንደቆሙ ሮማነወርቅ የተባለችውን አለች። «አጥፍቻለሁ እታገኝ። ልጅሽን በአደራ ሰጥተሽኝ አልጠበቅኋትም። ይቅር በይኝ።» ቃሉ የሥርዓት ቃል ነበር፤ ዕንባው ግን የራሷ ነበር። አልጠበቅኋትም ያለችው እውነቷን ነው፣ የእነዚያ እግሮች መንቀጥቀጥ እስካሁንም ከመዳፏ አልወጣም።

«እኔን ያበገነኝ ሌላ አይደለም» አለች እታገኝ እያለቀሰች። «አንቺ እያለሽ መሆኑ ነው። አንቺ አጠገቧ ሆነሽ። በቃ፣ ከአንጀቴ ይቅር ብያለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ጋሽ ጥሩነህ መረቁ። ዮዳሄ ድምፅ ሰምታ ከጓዳ ወጣችና ማንንም ሳታይ ቀጥ ብላ መጥታ የሮማነወርቅ ነጠላ ሥር ገባች፤ ጭንቅላቷን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ዝም አለች። እታገኝ ይህን አይታ እንደገና አለቀሰች። ራት ቀረበ፣ ተበላ፣ ተሳቀ። ሮማነወርቅ ወደ ሳን ሆዜ የተመለሰችው ቀሏት ነበር፤ ባቡሩ ውስጥ መንገሻ ጋ ደውላ «ታረቅን» አለችው። እሱም እሰይ አለ።

ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤቱ ስብሰባ መጣ። የዮዳሄን ዕቅድ በየጊዜው ቁጭ ብለው የሚያዩበት ስብሰባ ነው፤ ርዕሰ መምህሯ አለች፣ መርማሪዋ አለች፣ አስተርጓሚው ስልክ ላይ አለ። እታገኝ ሰሞኑን የሮማነወርቅ ሥራ ሲያስጨንቃት ከርሟል። ጉልበቷን ልትስም የጎነበሰችላት ሴት እንጀራዋን እንድታጣ አትፈልግም። ስለዚህ ማንም ሳይጠይቃት እጇን አነሳች።

«ስለ ሮማነወርቅ አንድ ነገር ልናገር። እኛ ጨርሰናል። ቤቴ ድረስ ሽማግሌ ይዛ መጥታ፣ ጥፋቷን አምና፣ ተንበርክካ ይቅርታ ጠይቃኛለች። እኔም ይቅር ብያታለሁ። ምንም ቅሬታ የለኝም፣ እባካችሁ ከሥራዋ እንዳታፈናቅሉብኝ።»

አስተርጓሚው አንድ ቃል አልሳተም። ቆንጆ አድርጎ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ተረጎመው። መርማሪዋ ብዕሯን አንስታ «እባክሽ ይህን ድገሚልኝ» አለች። እታገኝ ልመናዋ የተሰማላት መስሏት፣ ይበልጥ አሳምራ ደገመችላት። እንዲያውም ልጅ አደራ ተቀብላ እንዳልጠበቀቻት ራሷ እንደተናገረች ጨመረችበት። ስብሰባው ሲያልቅ ሮማነወርቅ ጋ ደውላ «ተናገርኩልሽ፣ ሪላክስ አድርጊ» አለቻት።

ሮማነወርቅ ተጠርታ የሄደችው በሳምንቱ ነው። መርማሪዋ ውኃ ቀዳችላት። ሴትዮዋ ትሑት ነበረች፣ ይህም ነገሩን አባሰው።

«እናትየዋ ቤት ሄደሻል?»

«ሄጃለሁ።»

«እንዳትገናኛት እንደተነገረሽ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ጥፋቱ የኔ ነው ብለሻታል?»

«ብያታለሁ። ግን እሱ... በኛ ባህል እንደዚያ ይባላል።»

«ያላደረግሽውን አድርጌያለሁ ማለት?»

ሮማነወርቅ ለመናገር ሞከረች። ሽማግሌ ሲገባ እንዴት እንደሚቆም፣ ሰበብ ማብዛት ለምን ነውር እንደሆነ፣ ያልበደለም ሰው ለሰላም ብሎ እንዴት በደልኩ እንደሚል፣ ሁሉንም በዚያ ስትደነግጥ በሚጠፋባት እንግሊዝኛ ጀመረች። አጠገቧ የተቀመጠው የማኅበሩ ሰው ዓይኑን ጨፈነ። መርማሪዋ አልተቆጣችም፣ አላፌዘችም፤ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችና ባህልሽን አከብራለሁ አለች። እየጻፈች ነው ያለችው። የጻፈችውም፣ ልጅቷን በሆዷ ደፍታ የያዘችው ረዳቷ ናት፣ ይህንንም ለወላጅ አምናለች፣ ደግሞም ትእዛዝ ጥሳ ሽማግሌ በመያዝ ወላጇን ልታግባባ ሞክራለች የሚል ነው። ሕጉ ልጅን ለመጠበቅ የወጣ ደህና ሕግ ነው። በዚያ ደህና ሕግ ሮማነወርቅ ተባረረች፣ ኮሊንስ ነፃ ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰ፣ ዮዳሄም አዲስ ረዳት እስኪገኝላት በእሱ እጅ እንድትሆን ተወሰነ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት የማኅበሩ ሰው ደጅ ሲወጡ። «ይዘነው ነበር እኮ።» ተቆጥቶ አልነበረም፣ አዝኖ ነው። ይቅርታ አለችው።

ጋሽ ጥሩነህ ሲሰሙ «እነዚህ ሰዎች ነውር የሚባል ነገር አያውቁም» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። ይመስክሩልኝ ብላ ስትጠይቃቸው ግን፣ ሽማግሌ በእርቅ የሰማውን አያወጣም አሉ። በሳምንቱ ሁለት የሬስቶራንት ሸሪኮችን አስታርቀው እንደነበር ካፌዋ ውስጥ ተወራ። በእኒህ ሰው መናደድ ለሮማነወርቅ ነውር ነው። ይህን የሚያነብ ሰው ግን ቢናደድባቸው የሚከለክለው የለም።

ከዚያ ወዲያ ልጅ ያለበት ቦታ ሥራ የሚሰጣት ጠፋ። ሳን ሆዜ ኤርፖርት ገባች፤ መራመድ የማይችሉ መንገደኞችን በዊልቸር እየገፋች አውሮፕላን በር ድረስ ታደርሳለች። እታገኝ መጀመሪያ በየቀኑ እየደወለች ታለቅስ ነበር፤ እኔ ነኝ ያስባረርኩሽ ትል ነበር። ከዚያ የምርመራው ውጤት በአማርኛ ተተርጉሞ ደረሳት፣ ማኅተም ያለበት። ከዚያ በኋላ ስልኩ ቀነሰ። ከዚያም ቀረ። ሮማነወርቅ ለምን እንደቀረ አልጠየቀችም፤ መጠየቅ ክርክር ይመስላል።

እንደገና ፊት ለፊት የተገናኙት ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ከአዳራሹ ወጥቶ ሲያልቅ። እታገኝ ሳህን ታነሳለች፤ ዮዳሄ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ሮማነወርቅ ልጅቷ መጥታ ነጠላዋ ሥር ትገባለች ብላ ጠበቀች። ልጅቷ አልመጣችም።

«ደህና ናት?» አለች ሮማነወርቅ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ኢምፕሩቭ አድርጋለች» አለች እታገኝ፣ ሳህኑን እያየች። «ጫማ መወርወር የለ፣ ጠረጴዛ ሥር መግባት የለ። ሚስተር ኮሊንስ ሥርዓት አስያዛት። ለወላጆች ስብሰባ ጠርተው ሰርተፍኬት ሁሉ ሰጧት።»

«አሁንም ከሱ ጋር ናት?»

«ከሱ ጋር ናት። ምነው?»

«እታገኝ፣ ያን ቀን የደፋት እሱ ነው።»

እታገኝ ሳህኑን አስቀመጠች። «እሱን ትተሽው ቢሆን ጥሩ ነው። አልቋል እኮ። ይቅር ብዬሻለሁ።»

«እኔ እግሯን ነው የያዝኩት። እግሯን ብቻ፣ እሱንም ለቅቄያለሁ። ጀርባዋ ላይ የተጫነው እሱ ነው።»

«ታዲያ ለምን አጠፋሁ አልሽኝ?»

ይህን ጥያቄ መርማሪዋ ስትጠይቃት ሮማነወርቅ አልከፋትም ነበር፤ ፈረንጅ ናት፣ አታውቅም። እታገኝ ስትጠይቃት ግን የምትይዘው ጠፋት። እዚያ ቤት ውስጥ ቆመው የነበሩትን ሽማግሌዎች፣ የተያያዙትን ትከሻዎች፣ ያን ሁሉ ዕንባ፣ እታገኝ ራሷ ልክ እንደ ምርመራው ወረቀት ነው ያነበበችው። ሮማነወርቅ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አጠፋሁ ስላልኩሽ ነው? ሽማግሌ ፊት ምን ልበልሽ ኖሯል? እሱ ነው ነው የምልሽ! ኮሊንስ ነው!»

ግድግዳው ጋ የቆመችው ዮዳሄ ጎንበስ አለች። ቀስ ብላ ተንበረከከች፣ ከዚያ በሆዷ ተኛች፣ የአዳራሹ ሲሚንቶ ላይ። ግንባሯን ወለሉ ላይ አድርጋ ሁለት እጆቿን ራሷ ወደ ኋላ አመጣችና ወገቧ ላይ አጣመረች። አላለቀሰችም። ድምፅ አላወጣችም።

«አይዞሽ፣ ምንም አትሆንም» አለች እታገኝ ፈጠን ብላ። «ሰው ሲቆጣ እንዲህ ነው የምታደርገው። ቤትም ታደርገዋለች። ራሷን ካልም ለማድረግ ነው፣ ተነሺ ካላልናት...» ንግግሯን አልጨረሰችም። የልጇን እጆች አየች። አንጓዎቹ ልክ ሰው እንደያዛቸው ሆነው አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብረዋል።

ሮማነወርቅ ሲሚንቶው ላይ ተንበርክካ «ተነሺ የኔ እመቤት» አለቻት። ዮዳሄ ተነሳች። እታገኝ ግን ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«ይሄን ማነው ያስተማራት?» አለች።

ሮማነወርቅ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገረቻት፤ ጫማውን፣ መነፅሩን፣ ክንዱን። በዚህ ጊዜ እታገኝ ለምን ያን ቀን እንዲህ አልሽኝ ብላ አልጠየቀችም። ነገ ጠዋት ሄጄ እነግራቸዋለሁ አለች።

ሰኞ ረፋድ ላይ ሮማነወርቅ አንድ አዛውንት በዊልቸር እየገፋች ወደ አውሮፕላን በር ስትሄድ ስልኳ ጠራ። አዛውንቱን ይቅርታ ጠይቃ ጥግ ይዛ ቆመች።

«ምን አሉሽ?»

«ኬዙ ተዘግቷል አሉኝ።» የእታገኝ ድምፅ ደርቋል። «ያደረገችው ሰው አምናለች፣ ቃሏንም ያቀረብሽልን አንቺ ነሽ አሉኝ። በራሴ ቃል እኮ ነው የዘጉት። ውሸቴን ነው ልበላቸው? ሰውዬው ነው አልኳቸው። አዲስ ነገር ካለሽ ኮምፕሌን አስገቢ፣ እናየዋለን አሉ። ስለመጣሽ እናመሰግናለን ብለው እስከ በር ሸኙኝ።»

«ሌላ ትምህርት ቤትስ?»

«ጠየቅሁ። ዌይቲንግ ሊስት ነው። ቤት እንዳላስቀራት ደግሞ ሺፍቴ አሁን ይጀምራል፤ ማን ጋ አስቀምጣታለሁ?»

 አዛውንቱ ዞር ብለው ሮማነወርቅን አዩዋት።

«ዮዳሄስ?» አለች።

 ከእታገኝ ኋላ የትምህርት ቤቱ ልጆች ጫጫታ ይሰማል።

«ገባች» አለች።